ጭልፊቱ ሰዓታችንን አውቆታል፦ የደሴና የኮምቦልቻ እርግብ አርቢዎች የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱ ሊወጣ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ መነሳት ሲጀምር እርግቦቻችንን እንለቃለን። ጭልፊቱም ይህን ያውቃል። አምና ከጥቅምት ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን አንድ ነበር፦ «የኔን ወሰደብኝ፣ ያንተስ?» ዘንድሮ ለቅሶ ከመቀመጣችን በፊት አንድ ዕቅድ እንጻፍ። ግማሹ ለራሳችን ደንብ ይሆናል፤ ግማሹ ለከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ጥያቄ። ከየሰፈራችሁ ሐሳባችሁን ጣሉ፣ እኔ እየሰበሰብኩ እጽፋለሁ። «መንግሥት አንድ ነገር ያድርግ» ብቻ ብሎ መሄድ ግን አይቻልም።

ከሆጤ፦
የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ጠመንጃ ያለው ሰው እንፈልግ። ባህር ዛፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ጨዋታው በአንድ ጥይት ያልቃል።

ከፒያሳ፦
በከተማ መሃል ተኩሰህ ከጭልፊቱ በፊት አንተ ነህ የምትለቀመው። እርግቦችህን ማን ያበላልሃል?

ከሆጤ፦
እሺ ጥይቱ ይቅር። የሞተች እርግብ ላይ መርዝ አድርጎ ጣሪያ ላይ መተውስ? ሲበላት ያበቃለታል።

አስተባባሪ፦
ይህን ሐሳብ ዕቅዱ ውስጥ አላስገባም፣ ብትቆጣም ተቆጣ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፣ ወፍም የዱር እንስሳ ነው። በማኅበር ስም ወረቀት አስገብተን ከጀርባ መርዝ ስናስቀምጥ ብንገኝ እርግብ ማርባቱም ይቀርብናል።

ከቧንቧ ውሃ፦
ሕጉ እንኳ ባይኖር መርዝ የሚገድለውን አይመርጥም። ያቺን እርግብ ድመት ትበላታለች፣ የጎረቤት ውሻ ይበላታል፣ ጥንብ አንሳ ይበላታል። ቄራው አካባቢ የምናየው ራሱ የተመለጠ ትንሽ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ከገባ ቆየ፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። አንዱ ትልቁ ምክንያት መርዝ ነው። ያንን ወፍ አጥፍተን የከተማውን ጥንብ ማን ሊያነሳልን ነው?

እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ትንሽ ልረዝም ነውና ታገሱኝ። እርግቦቻችንን የሚወስደው አንድ ዓይነት ወፍ አይደለም። ገበያ ላይ ሲዞር የሚውለው፣ ጭራው እንደ ሹካ የተሰነጠቀው ቡናማ ወፍ የዶሮ ጫጩትና ትርፍራፊ ሥጋ ነው የሚሻው። ጤነኛ እርግብ አየር ላይ አባሮ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ሌላው ደግሞ ደረቱ ነጭ፣ ጭራው ቀይ ሆኖ ስልክ እንጨት ላይ የሚቆመው ነው። እሱ አይጥ ጠባቂ ነው። ያንን የሚወግር ልጅ ካያችሁ አስጥሉት፤ የእርግቦቻችሁን ማሽላ ከአይጥ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው።

የኛ ራስ ምታት ሁለት ናቸው። አንዱ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ክንፉ አጭር፣ ጭራው ረጅም ነው። ከፍ ብሎ አይዞርም። ባህር ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና በጣሪያና በአጥር መሃል ዝቅ ብሎ ይመጣል። ደቡብ አፍሪካ ከተሞች ውስጥ ባህር ዛፍ ላይ ጎጆ እየሠራ በእርግብ ነው የሚኖረው። ሁለተኛው ክንፉ ሹል የሆነው፣ ገደል ላይ የሚሰፍረው ነው። ይህ ከላይ ነው የሚመጣው። ከዚህ ወገን ፈጣኑ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የኛ እርግብ ከዚያ በጣም ታንሳለች። ስለዚህ በፍጥነት አታመልጠውም፤ የምታመልጠው በመጠምዘዝና ከመንጋው ባለመነጠል ነው። አንዱን በሽቦ እንከላከለዋለን፣ ሌላውን በሽቦ አንከላከለውም። ዕቅዱ ይህን ካለየ ብር ማባከን ነው።

ከፒያሳ፦
አንቺ ስታስተምሪ እኔ የት ነበርኩ? አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የኔ ነጭ ናቸው። ነጭ ይመርጣል የሚባለው እውነት ነው?

ከቧንቧ ውሃ፦
ሁሉም ነጭ ከሆኑ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሃያ ግራጫ መሃል አንዲት ነጭ ስትገባ ነው። ዓይኑን እሷ ላይ መትከል ይቀለዋል። በተቃራኒው ካሊፎርኒያ ዴቪስ ላይ የተሠራና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሰውነታቸው ግራጫ ሆኖ ከጭራቸው በላይ ወገባቸው ላይ ነጭ ያለባቸው እርግቦች ከሌሎቹ ይልቅ ያመልጣሉ። እርግቧ ስትጠመዘዝ ያ ነጭ ዓይኑን ያሳስተዋል ተብሎ ነው የተገመተው። እንግዲህ ማዳቀል የምትወዱ አስቡበት።

ከሸዋ በር፦
ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ በስልክ መጻፍ ስለሚከብደኝ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም እርግብ የምትለቁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከሥራ በፊት። እኔ ደጄ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንድ ሰዓት ሲሆን ቁራዎቹ ባህር ዛፉ ዙሪያ ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ያ ማለት እሱ መጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው። እናንተ ገና ሻይ ትጠጣላችሁ። ከዚያ በሩን ትከፍቱለታላችሁ። እሱ እናንተን አይፈልግም፣ እናንተ ናችሁ ቀጠሮ የሰጣችሁት።

አስተባባሪ፦
ሐጂ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ይህ የዕቅዱ ዋናው ነጥብ መሆን አለበት። ጭልፊት ተምሮ ነው የሚያድነው። አንድ ቦታ ከቀናው ነገም እዚያው ይመጣል። እንግዲህ ሰዓታችንን እናዛባ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ቀትር፣ አንድ ቀን ጭራሽ አለመልቀቅ። አንድ ሰፈር ከተመታ ያ ሰፈር ሳምንት ሙሉ ይዘጋል። የቁራውን ነገርም ደንብ ውስጥ አስገባለሁ፦ ቁራ ከተንጫጫ በር አይከፈትም።

ከሆጤ፦
ሳምንት ሙሉ? እርግብ ቤት ውስጥ ታስራ ትወፍራለች። ከዚያ ስትለቃት እንደ ዶሮ ትሆናለች፣ ያኔ ነው በደንብ የሚበላት።

ከሰኞ ገበያ፦
እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው። ለዚህ ነው ሽቦ የምንሠራው። እኔ አናጺ ነኝ፣ የሚቻለውን ልንገራችሁ። ከእርግብ ቤቱ ፊት ለፊት በወንፊት ሽቦ የተከበበ ሰፋ ያለ በረንዳ ይሠራል። ማዕዘኑ ሞራሌ፣ ድጋፉ አጣና ቢሆን ይበቃል። እርግቦቹ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ክንፋቸውን ያፍታታሉ። ሽቦው ግን ሁለት ድርብ ይሁን፣ በመሃሉ አንድ ጋት ይተው። በነጠላ ሽቦ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እርግቧ ሽቦው ላይ ተለጥፋ ታድራለች። ያ ባህር ዛፍ ውስጥ የሚደበቀው ከውጭ ጥፍሩን ያስገባና እዚያው እንዳለች ይቦጭቃታል። ጠዋት ስትመጣ ሽቦው ተዘግቷል፣ እርግቧ ውስጥ አለች፣ ደረቷ ግን የለም። ባለቤቱ ድመት ነው ብሎ ድመት ሲያባርር ይከርማል።

የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃም። በጅጌ እንውጣ። አንድ እሁድ አንድ ሰፈር፣ ባለቤቱ ምሳ ያቀርባል፣ እኔ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።

ከፒያሳ፦
ምሳው ላይ ከተስማማን እኔ የማልሠራበት ሰፈር አይኖርም። ግን እኔ የቀበሌ ቤት ነው የምኖረው። በረንዳ ልቀጥል ብል «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ብለው መጥተው ያፈርሱብኛል።

አስተባባሪ፦
ለመንግሥት የምናቀርበው ጥያቄ ይኸው ተገኘ። ብር አንጠይቅም። ተነቃይ የሽቦ በረንዳ በቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ እንድንሠራ በጽሑፍ ይፈቀድልን። ሌላው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የቆሰለች እርግብ ይዘን ስንሄድ «ለእርግብ ነው የመጣችሁት?» ብሎ እንዳይስቅብን።

ከኮምቦልቻ፦
እኛን ረሳችሁን? እናንተ ላይ ጉም፣ እኛ ላይ ሙቀት። ከሐረጎ ወዲህ ያለነው ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም ወፉ እኛንም አይረሳም። አንድ ከባድ ነገር ግን ላንሳ። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። አንዳንድ ልጆች ለማረፊያው ቅርብ ሆነው ሃምሳና ስልሳ እርግብ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። የወፍ መንጋ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። ሰዓት እናዛባ ስትሉ፣ እኛ ጋ ሰዓቱ ከበረራው ጋር ታይቶ ነው የሚወሰነው። ለማረፊያው የቀረበ ቤት ያለው ጭራሽ ባይለቅ ይሻላል። ይህን ቀድመን ራሳችን ካልጻፍነው ሌላ ሰው ይጽፍብናል።

አስተባባሪ፦
ገባ። አመሰግናለሁ።

ከቧንቧ ውሃ፦
ወቅቱንም ጨምሩ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ከእስያና ከአውሮፓ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ አዳኝ ወፎች በባብ ኤል ማንደብ በኩል ወደኛ ይሻገራሉ። አብዛኞቹ ለእርግብ ደንታ የላቸውም። ግን ሹል ክንፎቹም አብረው ይመጣሉ፣ እስከ መጋቢትም የሚቆዩ አሉ። በእነዚያ ወራት መጀመሪያ ገና መብረር የለመዱ የእርግብ ልጆች አይለቀቁ። እንቁላል ልትጥል የደረሰች እናትም፣ ላባ እየጣለች ያለችም አትውጣ። ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፣ እሱም የሚጠብቀው ከኋላ የቀረችውን ነው።

ከሆጤ፦
ሲዲ መስቀልስ? የኔ ጎረቤት ጣሪያው ላይ አሥር ሲዲ ሰቅሏል፣ ቤቱ የሠርግ ቤት መስሏል።

ከሰኞ ገበያ፦
ለጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ ይለምደዋል። የላስቲክ ጉጉትም እንደዚያው ነው። ብዙ ብር አታውጡበት።

ከሸዋ በር፦
ልጆች፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። ያልተነሳ አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን ሳናነሳ ማኅበር አንባልም። ጭልፊት መንጋውን ሲበትነው እርግቦቹ ያገኙት ጣሪያ ላይ ይወርዳሉ። አንዱ የሌላውን እርግብ ጣሳ አንኳኩቶ፣ ማሽላ በትኖ ያስገባል። በማግስቱ «አላየሁም» ይላል። ጭልፊቱ አንድ ወሰደ፣ እኛ አራት ወሰድን። ይህ ነውር ነው፣ ሐራምም ነው።

ከፒያሳ፦
ሐጂ፣ ይህን ሲያነብ የሚያልበው ሰው አውቃለሁ።

ከሆጤ፦
እኔን ነው?

ከፒያሳ፦
ስም አልጠራሁም።

አስተባባሪ፦
ቀልዱ ይቁም። ሐጂ ያነሱት ከሽቦውም ይብሳል። እንዲህ እናድርግ። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ቀለም ይኑረው፣ እርግቦቹ እግር ላይ የዚያ ቀለም ቀለበት ይግባ። የሌላ ቀለም የወረደችበት ሰው በዚያው ቀን እዚህ ፎቶ ይለጥፋል። ሁለት ቀን ደብቆ የተገኘ ከጅጌው ይወጣል፣ ሽቦውንም ራሱ ይሠራ። በጭልፊት የተጎዳ አባል ደግሞ ከሌሎቻችን አንድ ጥንድ ጫጩት ይሰጠው፣ ተራ በተራ። ይህን የተቃወመ አለ?

ከኮምቦልቻ፦
የለም። ቢጫውን ለኛ አስቀምጡልን።

ከሆጤ፦
እኔም አልቃወምም። አረንጓዴ እወስዳለሁ። እዚህ ያለችው ቀይ ድርብ ጭራ ግን የማን እንደሆነች ባለቤቷ ፎቶ ይላክልኝ፣ ትመለሳለች።

አስተባባሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ። ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ አንብባችሁ አርሙኝ፦

«እኛ በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ እርግብ አርቢዎች እርግቦቻችንን ከአዳኝ ወፎች ለመጠበቅ በሚከተለው ተስማምተናል። ማንኛውንም የዱር ወፍ አንገድልም፣ መርዝ አናስቀምጥም፣ ልጆች ወፍ በወንጭፍ እንዳይመቱም እንመክራለን። የምንለቅበትን ሰዓት በየቀኑ እንቀያይራለን፤ የሚቀጥለው ቀን ሰዓት ማታ በቡድናችን ይነገራል፣ አጎራባች ቤቶች አብረው ይለቃሉ፣ አንድ ሰው ሰማዩን ይጠብቃል። ጉም ባለበት ቀንና ቁራ በተንጫጫበት ሰዓት አንለቅም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የእርግብ ልጆችና ላባ የሚጥሉ ከሽቦ በረንዳ አይወጡም። የተመታ ሰፈር ሳምንት ይዘጋል። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ሆነን መንጋ አንለቅም። የባዘነች እርግብ በዕለቱ ለባለቤቷ ትመለሳለች። ከመሥሪያ ቤታችሁ የምንጠይቀው በቀበሌ ቤቶች ግቢ ተነቃይ የሽቦ በረንዳ እንድንሠራ የጽሑፍ ድጋፍና የእንስሳት ሐኪም ምክር ነው።»

ከቧንቧ ውሃ፦
ጥሩ ነው። «ከመመገባቸው በፊት እንለቃለን» የሚለውን ጨምርበት። የራባት እርግብ ጣሳ ሲንኳኳ ቶሎ ትገባለች። ጠግባ የወጣች ጣሪያ ላይ ስትንቀባረር ትቆያለች።

ከሸዋ በር፦
«እንመክራለን» የሚለው ልክ ነው። «እንቀጣለን» አለማለትህ ደስ አለኝ።

ከሰኞ ገበያ፦
እሁድ ከሸዋ በር እንጀምር፣ የሐጂን ቤት። ሽቦውን እኔ ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ ግን አንድ ሰው ሌላ ሱቅ ይጠይቅልኝ። ቀዳዳው ትልቅ የሆነውን እንዳታመጡብኝ፣ እጃችሁ ከገባ የሱም እግር ይገባል።

ከፒያሳ፦
እኔ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ ሐሙስ፣ እዚያም እጠይቃለሁ። ሐጂ፣ ምሳው ምንድን ነው?