የቀጋ ቅጠል ለዲኤንኤ፦ አልኮል ወይስ ሲሊካ ጄል?

ማሂ_4ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ ቀጋ (የጽጌረዳ ወገን የሆነው የዱር ቁጥቋጦ) ከፍታው ሲጨምር በጄኔቲክ ይለያይ እንደሆነ ማየት ነው። እንጦጦ ላይ ከታች 30፣ ከላይ 30 ቁጥቋጦ ልወስድ አስቤያለሁ። ቅጠሉን በ96 በመቶ አልኮል ላስቀምጠው ወይስ እርጥበት የሚመጠውን ሲሊካ ጄል ልግዛ? ዲኤንኤው የሚነበበው ውጭ አገር ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ብጀምር ደስ ይለኛል።

የላብ_ሰው፦
ማሂ፣ ሲሊካ ጄል ያዢ። አልኮል ለእንስሳ ሥጋ እንጂ ለቅጠል እምብዛም አይሆንም። ለጋና ጤነኛ ቅጠል ቁረጪ፤ ያረጀው ፖሊፊኖል የሚባል የተክል ኬሚካል ስለሚበዛበት ዲኤንኤው ቡናማ ሆኖ ይወጣና ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን ላብ ውስጥ ማባዛቱ) እምቢ ይላል። ጤዛ ካለበት በሶፍት አድርቂው፣ ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቺው፣ ከዚያ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ከሲሊካው ጋር። ለ1 ግራም ቅጠል 10 ግራም ሲሊካ ነው፤ እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀሽ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለመጠ ገና እርጥበት አለው፤ የራሱ ኢንዛይሞች ዲኤንኤውን እየቆራረጡት ነው። ብርቱካናማው ሲሊካ ወደ አረንጓዴ ሲዞር ቀይሪው፤ ያገለገለውን ኦቭን ውስጥ በ110 ዲግሪ አድርቀሽ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ።

ጅብራ፦
ለቅጠሉ መላ አለው፤ እኔን ያሳሰበኝ የጥናቱ ንድፍ ነው። ከአንድ ተራራ ታች 30፣ ላይ 30 ስለወሰድሽ ስለ ከፍታ 60 መረጃ አገኘሽ ማለት አይደለም። ያለሽ አንድ ታችና አንድ ላይ ብቻ ነው። ልዩነት ቢገኝ እንኳ ከከፍታው ይምጣ ከአፈሩ ወይም ከባሕር ዛፉ መለየት አትችዪም፤ ፈታኞችሽም መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚህ ላይ ነው። እንጦጦን፣ ወጨጫንና የረርን ያዢ፤ ሦስቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘልቃሉ። በየተራራው 2,600 እና 3,000 ሜትር አካባቢ አሥር አሥር ቁጥቋጦ ብትወስጂ ድምሩ ያው 60 ነው። ድካሙና የትራንስፖርት ወጪው ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል። የጽጌረዳ ወገን ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ በናሙናዎቹ መካከል ቢያንስ 20 ሜትር ተራመጂ፤ አለዚያ አንዱን ተክል ሁለቴ ትቆጥሪዋለሽ።

ሄርባሪየም_ወዳድ፦
ናሙናው ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቢው። ማመልከቻውን ከመልቀምሽ በፊት አስገቢ።

ደግሞ ከየቦታው አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል ተጭነሽ ለብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ስጪ፤ እዚያው ግቢሽ ውስጥ ነው። ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። የቅጠሉ ፖስታና ቅርንጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፊ፣ እሱም በእርሳስ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።