የሩበንስ ማርኬዛ በእጅ ሲቀዳ፦ ነጩ ሳቲን ለምን ኖራ መሰለ?

ባለሸራው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ፒተር ፖል ሩበንስ በ1606 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሣለውን የጣሊያን ከተማ የጄኖቫዋን እመቤት የማርኬዛ (የመኳንንት ሴት ማዕረግ ነው) ብሪጂዳ ስፒኖላ ዶሪያን ምስል፣ አንድ ሠዓሊ ከፎቶግራፍ እያየ በዘይት ቀለም እንዲቀዳልኝ አዝዤ ነበር፤ ትናንት ደረሰኝ። ፊቷ እንደ ፈራሁት አልሆነም፤ ያ ሊመጣ ሲል የቀረ የሚመስለው ፈገግታዋ እንኳ አልጠፋም። ቅር ያሰኘኝ ልብሷ ነው። በዋናው ሥዕል ላይ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማ የሚመስለው ነጭ ሳቲን እኔ ዘንድ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሆኗል፤ አንገቷን የከበበው ትልቅ እጥፍጥፍ አንገትጌም ጠፍጣፋ ነው። ከኋላዋ ያለው ቀይ መጋረጃ ደግሞ አንዱ ቦታ ሲያብረቀርቅ ሌላው ቦታ ደብዝዟል። ሠዓሊው እንዲያስተካክለው ምን ብዬ ልንገረው? ወይስ ከፎቶግራፍ የተቀዳ ሥዕል ከዚህ አያልፍም?

ጥላና ብርሃን

ችግሩ ከፎቶግራፉ ይልቅ ከአሠራሩ ቅደም ተከተል የመጣ ይመስለኛል። ዋናውን ምስል አቅርበው ቢያዩት በዚያ ልብስ ላይ ንጹሕ ነጭ የሆነው ቦታ በጣም ትንሽ ነው፤ የቀረው ግራጫ፣ ወርቃማና ቡናማ ነው። ሩበንስ ጥላውን በስሱ እየቀባ ከሥር ያለው ቀለም እንዲያሳልፍ ይተወዋል፤ ብርሃን የሚያርፍበትን የእጥፋት ጫፍ ግን በወፍራም ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ የብሩሽ ምት፣ በመጨረሻ ያስቀምጠዋል። የእርስዎ ሠዓሊ ሙሉውን ቀሚስ በእኩል ውፍረት ነጭ ቀብቶ ጥላውን በግራጫ ጨምሮበት ከሆነ ኖራ መምሰሉ አይገርምም። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ፣ ሞቅ ያለና በጥቂቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር፤ ዛሬ የተለመደው የቲታኒየም ነጭ ቀዝቃዛና ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚሸፍን ነው። ስለዚህ ቀሚሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጥላዎቹን በስስ ቡናማና ግራጫ እንዲያለብሳቸው፣ ከዚያ ብርሃኑን ብቻ በወፍራሙ እንዲመልስ ይንገሩት። አንገትጌውም እንዲሁ ነው፦ እያንዳንዱ እጥፋት ውስጡ ጨለም፣ ጫፉ ፈካ ካላለ ክብነት አያገኝም።

የድሮ ቫርኒሽ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የነጩ ዓይነት ላይ ግን ብዙ ባልጨነቅ እመርጣለሁ። የእርሳስ ነጭ መርዛማ ነው፤ በቲታኒየሙ ላይ ትንሽ ቢጫ አፈርማ ቀለም መጨመር አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። የመጋረጃው መደብዘዝ ደግሞ የሠዓሊው ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ የታችኛው ሽፋን የላይኛውን ዘይት ሲመጠው የሚፈጠር ነገር ነው፣ ጥቁርና ጥልቅ ቀለሞች ላይም ጎልቶ ይታያል። ቫርኒሽ፣ ማለትም በደረቀ ሥዕል ላይ የሚደረበው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ሲቀባ እኩል ይሆናል። ታዲያ አይቸኩሉ፤ ወፍራም የዘይት ቀለም ውስጡ እስኪደርቅ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

የጄኖቫ ወዳጅ

አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ የሚገኘው ሸራ፣ ወደ 152 በ99 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው፣ ዙሪያውን የተቆረጠ ነው። ሩበንስ ሲሥላት ማርኬዛዋ በቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ከእግር እስከ ራሷ ቆማ ነበር፤ ይህንንም ኒውዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ካለው የራሱ ንድፍ እናውቃለን። ሠዓሊው ይህን ካላወቀ የቀሚሱን መውደቅ ከጉልበት በታች አያስበውም፤ ብርሃኑም የት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ጋለሪው የሥዕሉን ትልቅና ጥርት ያለ ምስል ለማንም በነጻ ስለሚሰጥ ከዚያ ይሥራ። መቅዳት ራሱ ግን የሚናቅ ነገር አይደለም፦ ከሩበንስ በፊት የነበረው የቬኒስ ሠዓሊ ቲሺያን የሣላት፣ ቀይ የለበሰችው የጣሊያን እመቤት የኢዛቤላ ዴስቴ ምስል ጠፍታለች፤ ዛሬ የምናውቃት ቪየና ባለው በሩበንስ እጅ ቅጂ ነው።

ባለሸራው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠዓሊውን ጠይቄው ነበር፤ የሠራው ከአንድ መጽሐፍ ገጽ ላይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው፣ በዚያ ላይ የቀሚሱ ጥላ ሁሉ ነጥቶ ጠፍቷል። የጋለሪውን ምስል ልኬለታለሁ፤ ቀሚሱንና አንገትጌውን ብቻ ሊደግማቸው ተስማምቷል። መጋረጃውን አልነካውም።