አስቸኳይ፦ የእንቅርት ክኒን የጀመረች እህቴን ትኩሳት ያዛት

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ ሰላም ቤተሰብ። እህቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ገላዋ እሳት ነው፤ ጉሮሮዋን አሟት ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷታል። የእንቅርት ክኒን ከጀመረች አንድ ወር አልፏታል። የልቧ ምት ረግቶ፣ እንቅልፍም መጥቶላት ነበር፤ አሁን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን። ጎረቤቱ ሁሉ ዴንጊ (የትንኝ ትኩሳት) ነው ይላል። ፓራሲታሞል ሰጠኋት፤ ሌላ ምን ልስጣት?

ከዚራ፦ አቦ፣ ዴንጊ ነው! ፈሳሽ አብዙላት። ዳይክሎፌናክና አስፕሪን እንዳትሰጧት፣ ያደማል።

ሐረር፦ የብዙ እንቅርት ሥሩ ጨው ነው። እናቶቻችን ጨው ሳይከድኑ ምድጃ ሥር ያኖራሉ፣ አዮዲኑ ይጠፋል። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፤ ወጥ ውስጥም ከመውጣቱ በፊት መጨረሻ ላይ ጨምሩት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ግን የቸገረኝ የዛሬው ትኩሳት ነው።

መጋላ፦ ዴንጊ ነው፣ ፈሳሽ ስጧት።

ነርስ ነኝ (ገንደ ቆሬ)፦ የክኒኑ ስም ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ፕሮፒልታዮራሲል ይላል። ባለ 50 ሚሊግራም፣ በቀን 3 ጊዜ ሁለት ሁለት። ለልብ ምቷ ፕሮፕራኖሎልም አላት።

ነርስ ነኝ፦ በአጭሩ ፒቲዩ የሚባለው ነው። የሚቀጥለውን ፒቲዩ አትስጣት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ከ1000 ሰው ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነጭ የደም ሴልን አለቅጥ ያወርዳል፤ በብዛት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ምልክቱ ይኸው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ነው። ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) እንዲሠራላት ጠይቅ፤ ዴንጊም ቢሆን ፕላትሌቷ (ደም የሚያረጋው ሴል) እዚያው ይታያል። ፕሮፕራኖሎሉን በራስህ አታቋርጥ።

ሐረር፦ ሐኪም ሳያይ አቋርጡ ይባላል እንዴ? እንቅርቱ ቢያገረሽባትስ?

ነርስ ነኝ፦ በሌላ ጊዜ አይቋረጥም፣ ልክ ነህ። ለዚህ ምልክት ግን "አቁማችሁ ኑ" መባል ያለበት ገና ክኒኑ ሲታዘዝ ነው። ነጭ ሴሏ ወርዶ ከሆነ ተራ ኢንፌክሽን ሊገድላት ይችላል፤ ሌሊቱን አትጠብቁ።

ጠያቂ፦ ማንም አልነገረንም! ባጃጅ መጥቷል፣ ክኒኑን ይዤዋለሁ።

መጋላ፦ እግዜር ይማርልህ። ውጤቱን አሳውቀን።

ከዚራ (በ3ኛው ቀን)፦ ወንድም፣ እህትህ እንዴት ሆነች? ሐሳብ ገብቶናል።

አዲስ አባል (ለገሃር)፦ እኔም ፒቲዩ ከጀመርኩ 2 ወሬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነው፣ ትኩሳት ግን የለኝም። ልሂድ?

ነርስ ነኝ፦ ሂጂ እህቴ፣ ዛሬውኑ። የማታውን ክኒን ሳትወስጂ።