ሌሊቱን ሙሉ እያጠኑ የሚወድቁ የፒሲ ዋን ተማሪዎችን እንዴት ልርዳቸው?

ጀማሪ መምህር (ልደታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በመሃል አዲስ አበባ በሚገኝ የሕክምና ኮሌጅ አናቶሚ አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር በውጤት ወደ ኋላ የቀሩ የፒሲ ዋን (የቅድመ ክሊኒክ ሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪዎችን እንድደግፍ ተመድቤአለሁ። «ጠንክራችሁ አጥኑ» የሚለው ምክር ለእነዚህ ልጆች ትርጉም የለውም፤ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ሲወጡ የኖሩ፣ አሁንም ከእኩለ ሌሊት በፊት መጽሐፍ የማይዘጉ ናቸውና። አንዷ ደብተሯን አሳይታኝ ነበር። ብራኪያል ፕሌክሰስን (ከአንገት ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ) ከስላይዱ ቃል በቃል ገልብጣ በሦስት ቀለም አስምራበታለች፤ ደብተሩን ዘግታ በባዶ ወረቀት ላይ እንድትስለው ስጠይቃት ግን አምስቱን ሥሮች ጽፋ ቆመች። ስለ አጠናን ዘዴ ሴሚናር ባዘጋጅላቸው ይጠቅማል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
ውድ ባልደረባዬ፣ ያንን ባዶ ወረቀት ለመመርመሪያ ብቻ ሳይሆን ለማጥኛም ያድርጉት። ተማሪዋ ደብተሯን ደጋግማ ስታነብ ጽሑፉ ዓይኗን ይለምደዋል፤ መልመዱንም እንደ ማወቅ ትቆጥረዋለች። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ፣ ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ ከሞከሩት በልጠው ተገኝተዋል። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ማታ «ገብቶኛል» ብሎ የተኛ ተማሪ የፈተና ዕለት የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

በሴሚናሩ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ። ምክሩ ከትምህርቱ ተነጥሎ ሲሰጥ ተማሪው አዳምጦ ይወጣና ወደ ለመደው ሽምደዳ ይመለሳል። ይልቁንስ አራት አምስት ሆነው በየሳምንቱ ወደ እርስዎ ይምጡ፣ ያለፈውን ትምህርት ምንም ሳያዩ ይሣሉ፣ ከዚያም መጽሐፉን ገልጠው በቀይ እስክሪብቶ ራሳቸውን ያርሙ። ቀዩ የበዛበት ቦታ የነገ ጥናታቸው ነው። ያው ርዕስ ከጥቂት ቀናት፣ ከሳምንትና ከወር በኋላ ተመልሶ መምጣት አለበት። ጥያቄዎ ደግሞ «ለምን» የሚል ይሁን፦ የላይኛው ክንድ አጥንቱ መሃሉ ላይ የተሰበረ ሰው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ለምን አቃተው? የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው ራዲያል ነርቭ ከዚያ አጥንት ጀርባ ተጠግቶ እንደሚያልፍ በዚህ መንገድ የደረሰበት ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም።

ኢንተርን (ፒያሳ)፦
መምህር፣ በተማሪው በኩል ያለውን ልጨምር። ብዙዎቻችን የምናጠናው በቴሌግራም ከሚዘዋወሩ የቆዩ ፈተናዎች ነው፤ መልሱ ተከቦ ስለሚመጣ ጥያቄውን ሳይሆን ፊደሉን እንይዛለን። ፈተናዎቹን መከልከል የሚቻል አይመስለኝም። ነገር ግን ተማሪው መልሱን ሸፍኖ ከሠራና ቀሪዎቹ ምርጫዎች ስሕተት የሆኑበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ከተጠየቀ፣ ያው ወረቀት ጥሩ መለማመጃ ይሆናል።

ለክለሳ፣ የጥያቄና መልስ ካርዶችን በየጊዜው እየመለሰ የሚያሳየው አንኪ የተባለው መተግበሪያ ይረዳል፤ በአንድሮይድ ስልክ በነፃ ይገኛል፣ ካርዶቹ አንዴ ከወረዱ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሆኖም ለአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና የተዘጋጁ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶችን አውርዶ በሳምንቱ የሚሰለቸው ብዙ ስለሆነ፣ ከራሳቸው ስሕተት ተነሥተው በቀን ጥቂት ካርድ ቢሠሩ እመርጣለሁ። በቡድን ማጥናትንም ቢሆን ይከታተሉት። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን እንሄድና አንዱ ጎበዝ ሲያስረዳ ሌሎቻችን ራሳችንን እየነቀነቅን እንመለሳለን፤ ማስረዳት ያለበት ያልገባው ተማሪ ነው።

የተማሪዎች አማካሪ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዘዴ ከማስተማርዎ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ያነጋግሩ። ከኋላ ተቀምጦ ስላይዱ የማይታየው፣ መነጽር የሚያስፈልገው አለ። እንቅልፍ ለማባረር ጫት የጀመረ፣ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ የተቋረጠበት፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ የማይለው ተማሪም ይኖራል፤ ይህን የመጨረሻውን የጥናት ካርድ አያድነውም፣ ሳይዘገይ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ መላክ አለበት። እንቅልፍን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ቀን የተማርነው በአእምሮ የሚጸናው ስንተኛ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ልጅ የደከመበትን በገዛ እጁ እያባከነ ነው። ቡድኑንም የወደቁ ተማሪዎች ቡድን ብላችሁ አትሰይሙት፤ ወጣት በመጥፎ ስም መጠራትን ስለሚፈራ ሊረዳው የመጣውንም ይሸሻል።

ጀማሪ መምህር (ልደታ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ፈተናው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ተማሪዎቹ «ሳላይ መሣል ጊዜ ይበላል፣ ያልተነበበ ብዙ አለ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፤ የማያውቁትን ስለሚያሳያቸውም ያበሳጫቸዋል። በሦስት ሳምንት ሁሉንም ርዕስ ማዳረስ ስለማይቻል የኮርሱን ዝርዝር ይዘው ከእነርሱ ጋር ይቀመጡ፣ ብዙ ክፍለ ጊዜ የተሰጣቸውን ርዕሶች ያስቀድሙ። እያንዳንዱን ርዕስ አንድ ጊዜ ያንብቡ፣ ሁለተኛውን ንባብ ግን በባዶ ወረቀት ይተኩት፤ ጊዜው የሚገኘው ከዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በራስዎ አጭር ፈተና ይፈትኗቸውና ውጤቱን ከመናገርዎ በፊት ስንት እንደሚያገኙ እንዲገምቱ ያድርጉ። ግምታቸውና ውጤታቸው ከተራራቀ ክርክሩን እርስዎ መቀጠል አያስፈልግዎትም።