የአሳማ ሥጋ በጭስ ሳበስል ለምን ይደርቅብኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክዳን ባለው የከሰል ግሪል የአሳማ ሽንጥ በጭስ አብስዬ ውስጡ 180 ፋራናይት ሲደርስ አወጣሁት። ደርቋል፤ በሹካም አልተለተል አለ። ለቅዳሜ ራት 20 ሰው ጠርቻለሁ፤ ምን ላስተካክል?

አባል 1፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ከሥጋው ይጀምራል። ሽንጥ ስቡም ጅማቱም ትንሽ ስለሆነ 145 ላይ ወጥቶ በቢላ የሚቆረጥ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ውሃውን ይጥላል። የፊት ትከሻ ግዛ፤ አሜሪካ ውስጥ «ቦስተን በት» እያሉ ይሸጡታል። አጥንት ያለው 4 ኪሎ ሲበስል ግማሽ ያህሉ ስለሚቀር ሁለት ያስፈልግሃል። ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ሰዓቱ እጥፍ አይሆንም።

አባል 2፦ ዋዜማውን በኪሎ 12 ግራም ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ፓፕሪካ እሸው። ከሰሉን በግሪሉ ጠርዝ ዙሪያ እንደ እባብ ደርድረህ አንዱን ጫፍ ብቻ አቀጣጥል፤ በላዩ ጡጫ የሚያክሉ አራት የሂከሪ ወይም የአፕል እንጨት ጣል አድርግበት። መሐል ላይ የውሃ ትሪ፣ ከትሪው በላይ ሥጋው። ጭሱ ወፍራምና ነጭ ከሆነ ሥጋው ይመርራል፤ እስኪሳሳ ጠብቅ። ሙቀቱ ከ225 እስከ 250 ይሁን። የክዳኑን ቴርሞሜትር ግን አትመን፤ ሥጋው አጠገብ ለካ።

ውስጡ 160 አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ያወጣዋል። እሳቱ ደክሞ አይደለም፤ ከሥጋው የሚተነው ውሃ እንደ ላብ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ላዩ ጠቁሮ፣ በጥፍር ሲጫር የማይላጥ ቅርፊት ካወጣ በድርብ ፎይል ጠቅልለው። ከዚህ በኋላ ጭስ ስለማይገባው ከሰሉ ካለቀ የቤት ኦቨን 250 ፋራናይት ላይ ጨርሰው። በኪሎ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ያዝ፤ ዓርብ ማታ ጀምር።

አባል 3፦ ልክ ነው። የሚወጣው ከ200 እስከ 205 ሲደርስ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ጅማቱ በአብዛኛው ወደ ጄላቲን ይቀልጣልና። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፦ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ለስላሳ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሸርተት ማለት አለበት፣ አጥንቱም ሲወዘወዝ ይላቀቃል። ከነፎይሉ በፎጣ ጠቅልለህ ባዶ የበረዶ ሳጥን (ኩለር) ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት አሳርፈው። ፎይሉ ውስጥ የቀረውን ጭማቂ እንዳትደፋው! ስቡን ገፈህ የተለተልከው ሥጋ ላይ መልሰው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሳማ የማይበሉ እንግዶችም አሉኝ።

አባል 1፦ ለእነሱ 2 ኪሎ የበሬ «ቻክ ሮስት» (የትከሻ ሥጋ) ጨምር፤ አሠራሩ አንድ ነው፣ ሙቀቱም 205። ግን የአሳማው ስብ እንዳይነካው በሌላ ግሪል፣ በሌላ ቢላና ሰሃን።