ከዜና ሥር ያለው አስተያየት ይዘጋ ወይስ ይጠበቅ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ስለ ጣና ሐይቅ እምቦጭ አረም አንድ ዜና አነበብኩ። "የተወረረው የሐይቁ ክፍል ጸድቷል" ይላል። ከሥሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ "ትናንት ነፋሱ ከማዶ ገፍቶ መልሶ አመጣው፤ የደንገል ታንኳዬን ማውጣት አቅቶኝ ዋልኩ" ብሎ ጻፈ። ከዚህ በላይ ዜና ከየት ይመጣል? ግን ከላዩም ከታቹም ብሔር እየጠሩ መሰዳደብ ነው። በማግስቱ ድረ ገጹ አስተያየቱን ጠራርጎ ዘጋው። የዓሣ አጥማጁም ቃል አብሮ ጠፋ። እኔ መዝጋቱን እቃወማለሁ። እናንተስ?

የሽምብጥ ልጅ፦
እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ። ታናሽ እኅቴ በአንድ የጽዳት ዘመቻ ዜና ላይ ፎቶዋ ወጥቶ ነበር። ስለ ሰውነቷ የጻፉትን እናታችን አነበበችው። እኅቴ ከዚያ ወዲህ ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ደግሞ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው። የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር በፈረንጆቹ 2016 ሲቆጥር፣ በአንድ ወር ወደ 491 ሺህ አስተያየት የመጣው ከ19,400 ሰው ነው። የድረ ገጹ ጎብኚ ግን 33 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ዘጋው። ሮይተርስም በ2014 ዘግቷል።

ጣና ዳር፦
ስለ እኅትሽ ከልቤ አዝኛለሁ። ያ ነገር ለአንድ ደቂቃም መታየት አልነበረበትም። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ 70 ሚሊዮን አስተያየት መርምሮ ነበር። በብዛት ከተሰደቡት 10 ጸሐፊዎቹ 8ቱ ሴቶች ናቸው። ግን ጥፋቱ ያለው ማንም ሳያነበው በመውጣቱ ላይ ነው።

የፔዳ ተማሪ፦
ማንበቡን ለምን ለማሽን አንሰጠውም? የስድብ ቃላት ዝርዝር ይሰጠዋል፣ ያጣራል፣ አለቀ።

የቀድሞ አርታኢ፦
ልጄ፣ በእኛ ፊደል እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዱን ቃል በሃሌታው ሀ ብትከለክልበት በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። እሱን ብትዘጋ በብዙኃኑ ኀ ይመጣል። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ አሉ፤ ጸ እና ፀ አሉ። ግሡም በፊቱና በኋላው እየተቀጠለበት መልኩን ይለውጣል። ሁሉንም ብትይዝ በላቲን ፊደል ይጽፍልሃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አገራችን የቅኔ አገር ነው። ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ ዛቻ የሆነ ዓረፍተ ነገር ስንት አንብቤአለሁ! ማሽኑ ሰሙን አይቶ ያሳልፈዋል። ለረዳትነት ይሁን፤ በር ላይ ግን ሰው ይቁም።

የፔዳ ተማሪ፦
ይሄን አላሰብኩትም ጋሼ። እሺ፣ ታዲያ ሁሉም በስሙና በስልክ ቁጥሩ ይመዝገብ። ሰው ስሙ ከታየ ያፍራል።

ጣና ዳር፦
እዚህ ላይ ፈጽሞ አልስማማም። ጥንት ገዢዎች "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። የእረኛውን ስም አልጠየቁም። ባለቤቱ ስለማይታወቅ ነው እውነቱ የሚወጣው። በዚህ ጊዜ ያ ዓሣ አጥማጅ ስሙንና ቀበሌውን ጻፍ ቢባል ዝም ይላል። የቅጽል ስም ይበቃል።

ዓባይ ማዶ፦
በሕግ በኩል ልጨምር። የኢስቶኒያው የዜና ድረ ገጽ ዴልፊ በፈረንጆቹ 2006 ስለ አንድ የመርከብ ድርጅት ዜና አወጣ። 185 አስተያየት መጣ፤ 20 ያህሉ ዛቻና ስድብ ነበር። ዴልፊ ያነሳቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ ጠበቃ ሲጽፍለት ነው። ክርክሩ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ ዴልፊ በፈረንጆቹ 2015 ተረታ። ካሣው 320 ዩሮ ብቻ ነበር፤ ግን የጻፉት አንባቢዎች ሆነው የተጠየቀው ድረ ገጹ ነው። የእኛም አዋጅ 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሳ ያዛል። በር ከፍቶ መተኛት አይቻልም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ይኸው! ታዲያ በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ትንሽ ድረ ገጽ አቅም የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ስድብ ሲያነብ የሚያድረውስ ሰው አይደለም?

የቀድሞ አርታኢ፦
ጥያቄሽ ትክክል ነው። መልሱ ጥቂት መክፈት ነው። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳን በ14 ሠራተኞች በቀን ወደ 11 ሺህ አስተያየት በሚያነብበት ጊዜ፣ አስተያየት የሚፈቅደው ከአሥር ጽሑፍ በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። የእኛዎቹ በቀን ሁለት ዜና ይክፈቱ፤ የውሃ፣ የመንገድ፣ የሐይቁን ጉዳይ። ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት። ካልተነበበ አይውጣ። የዘገበው ጋዜጠኛም ገብቶ ይመልስ። እኔ በሥራ ላይ እያለሁ አንባቢ ስህተቴን ሲነግረኝ ስሙን ጠርቼ አመሰግነው ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተሳዳቢው ራሱ ቋንቋውን ያርማል።

የሽምብጥ ልጅ፦
የሰው ፎቶ ያለበት ዜና ዝግ ይሁን። ያ ከተያዘልኝ ሌላውን እቀበላለሁ።

ጣና ዳር፦
ይያዝልሽ። የዓሣ አጥማጁን አስተያየት ስክሪንሾት አድርጌ ነበር። ጋሼ ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ለአዘጋጆቹ ነገ ጠዋት እልከዋለሁ። እምቦጩ አሁንም እዚያው መሆኑን ከዓባይ ማዶ የሚሻገር ሰው አይቶ ይንገረኝ።