የአዋቂ ሲፒአር (ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ልቡ የቆመን ሰው መርዳት) እና የዲፊብሪሌተር ፈተና፦ ያልገቡኝ አራት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ነርስ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በሐዋሳ ከተማ በአንድ ክሊኒክ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በአሜሪካ የልብ ማኅበር ሥርዓት የሚሰጠው የመሠረታዊ ሕይወት አድን ካርዴ የሁለት ዓመት ጊዜው ስላለፈበት በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እፈተናለሁ። የጽሑፍ ፈተናው 25 ጥያቄዎች ሲኖሩት ለማለፍ 84 ከመቶ፣ ማለትም 21 ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ትናንት ማታ በመለማመጃ ራሴን ስፈትን ያገኘሁት 19 ብቻ ነው። ከስድስቱ ስሕተቶቼ ሁለቱ የችኮላ ናቸው፤ የአራቱ ምክንያት ግን አልገባኝም።

የመጀመሪያው ራሱን ስቶ ስለ ወደቀ፣ የልብ ምቱ ስለማይዳሰስ፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ እያጣጣረ አየር ስለሚስብ ሰው ነው። «ይተነፍሳልና በጎኑ ይተኛ» የሚለውን መርጬ ተሳሳትኩ። ሁለተኛው ዲፊብሪሌተሩ፣ ማለትም ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ንዝረት ከሰጠ በኋላ ወዲያው ምን ይደረጋል የሚል ነበር፤ የልብ ምት መዳሰስ ነው ብዬ መለስኩ። ሦስተኛው የልብን ኤሌክትሪክ በሚያሳየው ሞኒተር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲታይ ንዝረት ለምን እንደማይሰጥ ይጠይቃል። አራተኛው የልብ ምት እያለው የማይተነፍስን አዋቂ ይመለከታል።

የመጀመሪያው ከፈተናም በላይ ያሳስበኛል። ከዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በባጃጅ መጥቶልን «ትንፋሽ አለው» ተባብለን ኦክስጅን ስንፈላልግ ደረቱን ሳንጫን ደቂቃዎች አለፉ። ሰውየው አልተረፈም። እባካችሁ መልሱን ከነምክንያቱ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሕይወት አድን አሠልጣኝ

እኅቴ፣ የጠቀስሽው ዓይነት ትንፋሽ በሕክምናው ትንፋሽ ተብሎ አይቆጠርም። ቋንቋችን «ጣር» የሚል ትክክለኛ ቃል አለው፤ ልብ ከቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከአንጎል ግንድ የሚነሣ፣ ማንኮራፋት ወይም መናጥ የሚመስል፣ በመካከሉ ረጅም ዝምታ ያለበት እንቅስቃሴ ነው። ደረት በመደበኛ ሁኔታ ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነና በአንገት ደም ሥር ላይ ምቱን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በእርግጠኝነት ካላገኘሽው መጫን ትጀምሪያለሽ። በ10ኛው ሰከንድ ላይ የሚቀር ጥርጣሬ «ምት የለም» ተብሎ ይወሰዳል፤ በፈተናውም በሕመምተኛው ፊትም መልሱ አንድ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ ከንዝረቱ በኋላ እጅ ወዲያው ወደ ደረት ይመለሳል። ንዝረቱ ተሳክቶ እንኳ ቢሆን ልብ በቂ ደም እስኪረጭ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መካከል ለአንጎልና ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው የእጅሽ ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ማለትም 30 ግፊትና 2 ትንፋሽ አምስት ዙር ከተሠራ በኋላ መሣሪያው እንደገና ይመረምራል፤ የሚጫነውም ሰው ያኔ ይቀየራል። «ንዝረት አያስፈልግም» ቢልም እንደዚሁ መጫን ይቀጥላል። ብዙ ተፈታኞች ይህን ድምፅ «ዳነ» ወይም «አለቀ» ብለው ይረዱታል፤ መሣሪያው የተናገረው ግን አሁን ያለው የልብ ሁኔታ በንዝረት የሚስተካከል አለመሆኑን ብቻ ነው።

መልስ፦ ሐኪም፣ አዳማ

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ። ንዝረት የቆመን ልብ እንደ ሞተር የሚያስነሣ ይመስለናል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ጊዜ የልብ ጡንቻ ክሮች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ስለሚንቀጠቀጡ ደም አይረጭም። ንዝረቱ ይህን የተዘበራረቀ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ጸጥ ያሰኝና የልብ የራሱ ምት አመንጪ እንደገና ሥራውን እንዲረከብ ዕድል ይሰጠዋል። ምት ለማይዳሰስበት ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያም (የልብ የታችኛው ክፍል እጅግ ፈጥኖ ሲመታ) እንዲሁ ነው። ቀጥ ባለው መስመር ላይ ግን ጸጥ የሚሰኝ ነገር የለም፤ የሚረዳው ደረትን መጫን፣ አድሬናሊን እና መንስኤውን ፈልጎ ማከም ነው።

እግር ኳስ የምትከታተሉ በ2021 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ መውደቁን ታስታውሳላችሁ። ቡድኑ ከብቦት ሳለ ደረቱ ተጫነ፣ በዲፊብሪሌተርም ልቡ ተመለሰ። ያን ቀን ያዳነው ሁለቱም ሳይዘገዩ መድረሳቸው ነው፤ ደረት ካልተጫነና ንዝረት ካልተሰጠ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል።

አራተኛው አጭር ነው። ምት ካለ ደረት አይጫንም፤ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባው ከረጢት) በየ6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ምቱም በየሁለት ደቂቃው እንደገና ይዳሰሳል።

መልስ፦ የዋና ጠባቂ፣ ሐዋሳ

ከሐይቁ ዳር ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። በተግባር ፈተናው ላይ «ሕመምተኛው ከውኃ የወጣ ነው» ተብለሽ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ሰውየውን ከረጋ ውኃ ማውጣት፣ ደረቱን በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ የዲፊብሪሌተሩን ተለጣፊ ፓዶች አንዱን በቀኝ የአንገት አጥንት (ክላቪክል) ሥር፣ ሌላውን በግራ ጎን ከብብት በታች መለጠፍ ነው። በእኛ ከተማ ሙቀት ላብ ብቻውን ፓዱን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ስለዚህ ፎጣ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ አኖራለሁ። በመስጠም ጊዜ የጎደለው ኦክስጅን ስለሆነ በ2 ትንፋሽ ተጀምሮ ወደ መጫን ይታለፋል። ፓድ መለጠፉ ግን ትንፋሹንና መጫኑን ማዘግየት የለበትም።

ጥያቄ፦ ነርስ፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። በማኒኪኑ (በመለማመጃው አሻንጉሊት) ላይ ስለማመድ ፍጥነቴ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ባለው ውስጥ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ከ100 በታች ይወርዳል። ደክሞኝ አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅ አልቻልኩም።

መልስ፦ የሕይወት አድን አሠልጣኝ

ጮክ ብለሽ እስከ 30 ትቆጥሪያለሽ ማለት ነው። «ሦስት፣ አራት» አጫጭር ናቸው፤ «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» ስትይ ግን አፍሽ እጅሽን ይጎትተዋል። 30 ግፊት ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ ስላለበት ረጅም ቃል ቦታ የለውም። ከአንድ እስከ አስር ሦስት ጊዜ ቁጠሪ፤ ለመቁጠር ብለሽ በየአስሩ ጣት አታንሺ፤ ስንተኛው አስር እንደሆነ በልብሽ ያዢ። ክርንሽን ሳታጥፊ ትከሻሽን በእጅሽ ትይዩ አድርገሽ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከ6 ሳይበልጥ ተጫኚ፤ ከዚያ የመዳፍሽን ክብደት ሙሉ በሙሉ አንሥተሽ ደረቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ከመዳፍሽ ሥር ይሰማሽ። ዛሬ ማታ ስልክሽን በደቂቃ 110 እንዲመታ አድርገሽ በትራስ ላይ ሞክሪውና ነገ ውጤቱን ጻፊልን።